አሮጌ ቤት ለማስፈረስ ዋጋው እንዴት ይሰላል? «በነፃ አፈርሳለሁ» የሚለውስ ሰው?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ 250 ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ ከወላጆቻችን የወረስነው ቤት አለን። ፊት ለፊት ያለው ጂ ፕላስ ዋን የብሎኬት ቤት ነው፤ መሬት ላይ ያረፈው 9 በ10 ሜትር ነው። ከጀርባ 12 በ4 የሆነ የጭቃ ሰርቪስ ቤት አለ። በአንድ በኩል ከጎረቤት ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቋል። አፍርሰን አዲስ ልንሠራ ነው። አንዱ ጠቅላላ ዋጋ ጠራልን። ሁለተኛው «ፌሮውንና ቆርቆሮውን ልውሰድ እንጂ በነፃ አፈርሳለሁ» አለ። ሦስተኛው ጭራሽ «እኔ ልክፈላችሁ» ይላል። የምኖረው አሜሪካ ስለሆነ የምትከታተለው እህቴ ናት። ትክክለኛውን ዋጋ በምን እናውቃለን?

ምላሽ፦ ሦስቱም ሰዎች እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ዋጋ የሰጡት ግን ለሦስት የተለያዩ ሥራዎች ነው። የመጀመሪያው ምናልባት መሠረቱን ነቅሎ፣ ፍርስራሹን ጭኖ፣ ቦታውን ጠርጎ ሊያስረክብ ነው። ሁለተኛው የሚሸጠውን ወስዶ የማይሸጠውን ግቢው ውስጥ ከምሮ ሊሄድ ይችላል። ሦስተኛው ደግሞ የሚከፍለው ለበር፣ ለመስኮት፣ ለጣሪያና ከመሬት በላይ ላለው ብረት እንጂ ለማፍረስ አይደለም። ስለዚህ ከዋጋው በፊት ሥራው ምን ድረስ እንደሆነ አንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ፣ ያንኑ ወረቀት ለሦስቱም ሰጥታችሁ እንደገና ዋጋ ጠይቁ። ይህን ስታደርጉ «ነፃ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ይጠፋል።

ሒሳቡ ራሱ ቀላል ነው። የጉልበት፣ የማሽን፣ የጭነት፣ የፈቃድና የጥበቃ ወጪ ይደመራል፤ ከዚያ ላይ የሚሸጥ ወይም ለአዲሱ ቤት የሚያገለግል ዕቃ ዋጋ ይቀነሳል። የሚቀረው የማፍረሻ ዋጋችሁ ነው። ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው፤ ጭነቱን አሳንሶ ይገምታል፣ መሠረቱን ደግሞ ጭራሽ ይረሳል።

«በካሬ ስንት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። አንድ ካሬ የጭቃ ቤትና አንድ ካሬ ሶሌታ (የፎቁ የአርማታ ወለል) ያለው ቤት ለአፍራሹ አንድ አይደሉም። በዚያ ላይ ሐምሌ 2016 የብር የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የብረትም፣ የናፍጣም፣ የማሽን ኪራይም ዋጋ ቶሎ ቶሎ እየተለዋወጠ ስለሆነ አምና ጎረቤት የከፈለው ለዘንድሮ አይሠራም። በዚህ ምክንያት ከዚህ በታች የምሰጥዎት ብር ሳይሆን ብዛት ነው፤ ሜትር ኩብ፣ ቢያጆ (አንድ የመኪና ምልልስ ጭነት)፣ የሰው ቀን (አንድ ሰው በአንድ ቀን የሚሠራው)፣ የማሽን ሰዓት፣ ኪሎ ብረት። እህትዎ በሰሞኑ ዋጋ ታባዛው። ፕላኑን ስላላየሁ በእንዲህ ያለ ቤት የተለመደውን መጠን ወስጃለሁ፤ በሜትር ተለክቶ የተለየ ከተገኘ እሱን ይተኩበት።

ከአርማታው እንጀምር። 12 ኮለን (የአርማታ ምሰሶ)፣ 30 በ30 ሴንቲ፣ የሁለቱ ፎቆች ቁመት 6 ሜትር ብንል 6.5 ሜትር ኩብ ይሆናል። ኮለኖቹ በ4 እና በ3 ረድፍ ከቆሙ የቢሙ (ኮለኖቹን የሚያያይዘው አግዳሚ አርማታ) ርዝመት በአንድ ፎቅ 66 ሜትር ገደማ ነው፤ የፎቁ ቢም ከሶሌታው በታች 25 በ25 ሲሆን 4 ሜትር ኩብ፣ ከላይ ጣሪያውን የሚሸከመው ቢም 20 በ30 ሲሆን ሌላ 4። ሶሌታው 90 ካሬ በ15 ሴንቲ 13.5፣ ደረጃው 2 ገደማ። በአጠቃላይ ከመሬት በላይ 30 ሜትር ኩብ አርማታ አለ ማለት ነው። ሶሌታው ድፍን ይሁን ወይስ በመሃሉ ባዶ ብሎኬት የተደረደረበት፣ ከታች በኩል አንድ ቦታ ልስኑን ትንሽ አንስቶ ማየት ይበቃል፤ ብሎኬት ያለበት ከሆነ አርማታውም ብረቱም ይቀንሳል።

ግድግዳው የውጩ ዙሪያ 38 ሜትር፣ የውስጡ 25 ሜትር ገደማ በየፎቁ፣ ቁመቱ 3 ሜትር። ሁለቱን ፎቆች ደምረን በርና መስኮቱን ስንቀንስ 310 ካሬ አካባቢ ይመጣል። ከልስኑ ጋር በአማካይ 22 ሴንቲ ብንይዘው 68 ሜትር ኩብ ነው። ሊሾና ሴራሚኩ በሁለቱ ፎቆች 180 ካሬ በ5 ሴንቲ 9 ሜትር ኩብ ይጨምራል። እንግዲህ ከመሬት በላይ ያለው በጠቅላላ 107 ሜትር ኩብ ሆነ።

አሁን የሚረሳው ክፍል። ከመሬት በታች ግሬድ ቢሙ (ከወለሉ ሥር ያለው ቢም) 6.6፣ የወለሉ አርማታ 10 ሴንቲ ከሆነ 9፣ ፉቲንጎቹ (ኮለኖቹ የሚያርፉበት የአርማታ መሠረት) 1.5 በ1.5 ሜትር በ40 ሴንቲ ሆነው 12 ከሆኑ 10.8፣ የተቀበረው የኮለን አንገት 1.3፤ በድምሩ 28 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ከፎቁ አርማታ ጋር ሊስተካከል ምንም አልቀረውም! በዚያ ላይ ከግሬድ ቢሙ ሥር ያለው የድንጋይ ግንብ 26 ሜትር ኩብ፣ ከወለሉ ሥር የተነጠፈው ድንጋይ 22 ሜትር ኩብ አለ። ሰርቪስ ቤቱ 100 ካሬ የጭቃ ግድግዳ አለው፤ 20 ሜትር ኩብ ይሆናል።

ፍርስራሽ ግን በቆመበት መጠኑ አይጫንም። ሲሰበር ይነፋል። ለአርማታና ለብሎኬት በ1.5፣ ለጭቃና ለንጣፍ ድንጋይ በ1.4 ማባዛት ደህና ግምት ነው። ስለዚህ ከመሬት በላይ ያለው 107 ሜትር ኩብ 160 ይሆናል፤ የመሠረቱ አርማታ 42፣ የግንቡ ድንጋይ 39፣ ንጣፉ 31፣ ጭቃው 28። ሁሉም ይውጣ ከተባለ 300 ሜትር ኩብ ነው። የሲኖትራኩን ሳጥን 16 ሜትር ኩብ ካልን 19 ቢያጆ። ድንጋዩ ለአዲሱ መሠረት እዚያው ይቅር ከተባለ 230 ሜትር ኩብ፣ 15 ቢያጆ። ፌሮ ያንጠለጠለ የአርማታ ቁራጭ ሳጥኑ ውስጥ ገጥሞ ስለማይቀመጥ ከ10 እስከ 15 በመቶ ጨምሩበት፤ 17 እና 22 ብላችሁ ያዙ።

ክብደቱንም ልብ በሉ። አርማታ በሜትር ኩብ 2.4 ቶን ነው፤ ተሰብሮም 1.6 ቶን ገደማ ይመዝናል። 16 ሜትር ኩብ ንጹሕ አርማታ የጫነ መኪና ከ25 ቶን በላይ ተሸክሟል ማለት ነው፣ ይህ ደግሞ ለመኪናውም ለመንገዱም ብዙ ነው። ባለመኪናው ይህን ሲያይ ሳጥኑን ሳይሞላ ይወጣና እናንተ ለሙሉ ቢያጆ ትከፍላላችሁ። ብሎኬቱንና አርማታውን አደባልቆ መጫን ወደ 18 ቶን ያወርደዋል፤ ሳጥኑም ይሞላል።

እህትዎ ለእያንዳንዱ ቢያጆ የመኪናውን ታርጋ፣ ሰዓቱንና የጫነውን መጠን የያዘ፣ ሹፌሩም እሷም የፈረሙበት ትንሽ ካርኒ ትያዝ። ጥበቃው እየቆጠረ በቃል ሲነግራት የተቆጠረ ሒሳብ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ ያጨቃጭቃል። የሚደፋበትን ቦታም አስቀድማችሁ ጠይቁ። ወንዝ ዳር ወይም ባዶ ቦታ ሲደፋ የተያዘ መኪና ሹፌሩ መጀመሪያ የሚጠራው የባለቤቱን ስም ነው። ውሉ ላይ «በተፈቀደ መድፊያ ቦታ» የሚል ቃል ይግባ፤ የመድፊያው ክፍያና ቅጣት ቢመጣ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነም ይጻፍ።

ጉልበትና ማሽንን በተመለከተ፣ ይህ ቤት ሁለቱንም ይፈልጋል። ጣሪያውን፣ በርና መስኮቱን፣ ኮርኒሱን፣ የኤሌክትሪክ ገመዱንና የቧንቧ ዕቃውን በእጅ ማውረድ ግድ ነው፤ ለአራት ሰው ሦስት አራት ቀን ይበቃዋል። የብሎኬት ግድግዳ አንድ ሰው በቀን 10 ካሬ ያህል አፍርሶ ይከምራል፤ 310 ካሬው 31 የሰው ቀን ነው። አርማታ በማርቴሎና በዲጂኖ ሲሰበር አንድ ሜትር ኩብ ከ2 እስከ 4 የሰው ቀን ይበላል፤ 3 ብንይዝ ከመሬት በላይ ላለው ብቻ 90። 230 ሜትር ኩብ በአካፋ መጫን ደግሞ አንድ ሰው በቀን 4 ሜትር ኩብ ቢጭን 58። ሁሉንም በእጅ እንሥራ ካላችሁ፣ የመሠረቱን ሰበራ ሳንቆጥር፣ 190 የሰው ቀን ገደማ ነው፤ 12 ሰው 16 ቀን ገደማ ይሠራበታል። ጃክሀመር ከተከራያችሁ የአርማታው ቀን ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ ግን ጄኔሬተርና ናፍጣ ይጨምራል።

መዶሻ ያለው 20 ቶን ኤክስካቫተር ከሆነ ከመሬት በላይ ያለውን ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ መሠረቱን 5 ወይም 6 ሰዓት፣ ጭነቱን 5 ሰዓት፣ በአጠቃላይ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። ሲከራዩ የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። ናፍጣው የማን ነው? በቀን ቢያንስ ስንት ሰዓት ይታሰባል? የሎቤዱ (ማሽኑን ጭኖ የሚያመጣው ተሽከርካሪ) ማምጫና መመለሻ ለብቻው ነው? መዶሻው ከኪራዩ ጋር ነው ወይስ ተጨማሪ? የኦፕሬተሩና የረዳቱ አበል በማን ነው? ሎቤዱ አንድ ቀንም ሠራ አምስት ቀን ያው ስለሆነ፣ ማሽኑ ከመጣ አይቀር መሠረቱንም የአዲሱን ቤት ቁፋሮም አብሮ ቢሠራ ያዋጣል።

ብዙ ገንዘብ የሚፈሰው ግን ማሽኑ ቆሞ መኪና ሲጠብቅ ነው። አንድ ሲኖትራክ ለመጫን 20 ደቂቃ፣ ሄዶ ደፍቶ ለመመለስ 2 ሰዓት ይፈጅበታል እንበል። ሁለት መኪና ብቻ ካለ 15ቱን ቢያጆ ለመጨረስ ከ17 ሰዓት በላይ ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ሥራ ላይ የነበረው ግን 5 ሰዓት ብቻ ነው። የተቀረው ቆሞ የተከፈለበት ነው። መፍትሔው ማሽኑ መጀመሪያ አፍርሶ ይከምርና ጭነቱ ከ6 እስከ 7 መኪና በአንድ ጊዜ ተጠርቶ መጨረስ ነው። በከተማው ከባድ መኪና በማይፈቀድበት ሰዓት ማሽን መጥራት ደግሞ ገንዘብ መበተን ስለሆነ፣ ሌሊት የሚጫን ከሆነ የሰፈሩን ሰው ማስፈቀድና መብራት ማዘጋጀት በሒሳቡ ይግባ።

ወደ «በነፃ» እንምጣ። በእንዲህ ያለ አሮጌ ቤት አርማታ ውስጥ በሜትር ኩብ 80 ኪሎ ብረት ብንል ከመሬት በላይ 2,400 ኪሎ አለ። ሁሉም አይወጣም፤ ሦስት አራተኛው ቢወጣ 1,800 ኪሎ ነው። ከመሠረቱ፣ የወለሉን አርማታ ሳንቆጥር በሜትር ኩብ 70 ኪሎ ብንል፣ ሌላ 1,300 ኪሎ አለ፤ እሱን ለማውጣት ግን ቁፋሮውም ሰበራውም ስለሚበዛ አፍራሹ አይነካውም። ጣሪያው ከእነ ክፈፉ 130 ካሬ ቆርቆሮ ነው፤ በካሬ ሦስት ኪሎ ተኩል ቢመዝን 450 ኪሎ ገደማ። በነፃ የሚያፈርሰው ሰው ትርፉ የላይኛው ብረት፣ ቆርቆሮው፣ በርና መስኮቱ፣ የመታጠቢያ ቤት ዕቃውና ጣውላው ነው። ለእናንተ የሚቀረው ከ160 ሜትር ኩብ በላይ ፍርስራሽና ያልተነካ መሠረት ነው።

ለማነጻጸር ሁሉንም ወደ ቢያጆ መለወጥ ይቀላል። እህትዎ በመጀመሪያ ሁለት ሦስት የውዳቂ ብረት ነጋዴ ዘንድ ሄዳ የሰሞኑን የኪሎ ዋጋ ትጠይቅ፤ ቀጥሎ የአንድ ሲኖትራክ ቢያጆ ዋጋ። 1,800 ኪሎ ብረት ስንት ቢያጆ ይከፍላል? ስድስት ቢያጆ ከከፈለና የሚጫነው 17 ከሆነ፣ በነፃ የተባለው ሥራ 11 ቢያጆና አንድ ሙሉ የመሠረት ነቀላ ትቶላችኋል። ቁጥሩ እንደ ገበያው ይለያያል፤ ጥያቄው ግን ይህ ነው።

ሁሉም ዕቃ ግን በኪሎ መሸጥ የለበትም። ቤቱ ከቆየ፣ የጣሪያው እንጨት ጥድ ወይም ዝግባ ሊሆን ይችላል፤ በአንድ ቦታ ላይ በመላጊያ ወይም በቢላ ፋቅ አድርጎ ቀለሙንና ሽታውን ማየት ነው። እንዲህ ያለ እንጨት ምስማሩ ተነቅሎ፣ በርዝመቱ ተለይቶ ሲሸጥ ከማገዶ ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በማሽን ከፈረሰ ግን ተሰባብሮ ማገዶ ይሆናል። በርና መስኮቱ ከእነ ክፈፉ ሳይሰበር ከወጣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ገዢ አያጣም፤ እዚያው ግቢው ድረስ መጥቶ የሚገዛም ይመጣል። ብሎኬት በሲሚንቶ የተገነባ ስለሆነ አብዛኛው ሲነቀል ይሰበራል፤ ከእሱ ብዙ አትጠብቁ።

ቆርቆሮውን ከመሸጣችሁ በፊት አስቡበት። ይዞታችሁ 12.5 በ20 ገደማ ከሆነ ዙሪያው 65 ሜትር ነው። ግንባታ ስትጀምሩ አጥር ልታጥሩ ነው፤ ሲነጠፍ 80 ሴንቲ በሚሸፍን ቆርቆሮ ዙሪያው 81 ቆርቆሮ ይፈልጋል። 130 ካሬ ጣሪያ 2 ሜትር ርዝመት ባለው ቆርቆሮ ቢለካ ይኸው 81 ይሆናል። በርካሽ ሸጣችሁ በውድ አዲስ ከመግዛት የራሳችሁን ማጠር ይሻላል፤ የሰርቪስ ቤቱ ቆርቆሮ ለመጋዘንና ለጥበቃ ቤት ይሆናል። የግንቡ ድንጋይም እንዲሁ ነው፤ 26 ሜትር ኩብ ድንጋይ ጭቃውና ሲሚንቶው ተራግፎ ለአዲሱ መሠረት ያገለግላል፣ መጫኛም ማስጫኛም ያድናል።

ፌሮው ላይ ግን አጥብቄ ልናገር። ከፈረሰ ቤት የወጣ ብረት ተቀጥቅጦ ቀጥ ሲል አዲስ ይመስላል፤ ግን አንዴ ታጥፎ፣ ተመልሶ የተቃና ነው፣ ጥንካሬውም ውስጡ የደረሰበትም አይታወቅም። ለአዲሱ ቤት ኮለን፣ ቢምና ሶሌታ በጭራሽ አይግባ። «ግማሹን እንጠቀምበት» የሚል ፎርማን ካለ እንቢ በሉ። በኪሎ ይሸጥ።

ጭቃው ጭድ ስላለበት ከአዲሱ ወለል ሥር መደልደያ አይሆንም፤ ጭዱ ሲበሰብስ ወለሉ ይቀመጣል። የተሰበረ አርማታና ብሎኬት በትንሹ ደቅቆ ለግቢ መንገድ ሥር መሙያ ይሆናል፤ ይህ ሁለት ሦስት ቢያጆ ይቀንሳል።

የጎረቤት ግድግዳ የዚህ ሥራ አስቸጋሪው ክፍል ነው። በዚያ በኩል ማሽን እንዳይነካ ውሉ ላይ ይጻፍ። ከጎረቤቱ ግድግዳ አንድ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ክፍል መጀመሪያ በእጅ ይለያል፤ ሶሌታውና ቢሙ በግራይንደር ይቆረጣል፣ ከዚያ በኋላ ነው ማሽኑ የተቀረውን የሚያፈርሰው። ይህ ካልተደረገ የቢሙ ንዝረት በቀጥታ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ከመጀመሩ በፊት የጎረቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ከእሱ ጋር ሆናችሁ ፎቶ አንሱ፣ ቀኑን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። አለዚያ ለሃያ ዓመት የነበረ ስንጥቅ ባፈረሳችሁ ማግስት አዲስ ይሆናል። ግድግዳው በእውነት የጋራ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ ማፍረስ አይቻልም፤ የእናንተ ቤት ሲነሣ ለዝናብ ስለሚጋለጥ ልስኑና የላይ ክዳኑ ወጪ በእናንተ ሒሳብ ይገባል። የሕንፃ ባለቤት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ይደነግጋል፤ «አፍራሹ ነው ያደረገው» ማለት ጎረቤቱን አያስኬድም።

ወቅቱም ዋጋ አለው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የመሠረቱ ጉድጓድ ክፍት ከቆየ ውሃ ይሞላል፤ አፈሩ ጥቁር ከሆነ ደግሞ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ የጎረቤቱ መሠረት ሥር ያለው ሸርተት ይላል። መሠረቱን የምትነቅሉት አዲሱን ወዲያው ልትጀምሩ ስትሉ ብቻ ይሁን። የላይኛው በበጋ ፈርሶ መሠረቱ ግንባታው እስኪጀመር ቢቆይ ምንም አይደለም፤ ግን ለሁለት ጊዜ ሎቤድ ትከፍላላችሁ።

ሰው የሚሞትበትን ነገርም ልንገራችሁ፤ ዋጋውን ሲያወዳድሩ ርካሹ ሰው ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ከዚህ ነው። ፎቁን ከላይ ወደ ታች ማፍረስ ግድ ነው። የላይኛው ግድግዳ ፈርሶ ሶሌታው ላይ ሲከመር ሠራተኛው አያስተውለውም። 30 ሴንቲ ከፍታ ያለው ፍርስራሽ በካሬ 450 ኪሎ ይመዝናል፤ የመኖሪያ ቤት ሶሌታ የሚታሰብለት የአገልግሎት ጭነት ደግሞ 200 ኪሎ አካባቢ ነው። በዚያ ላይ ከሥሩ ያለውን ግድግዳ ማርቴሎ ይዞ የሚያንኳኳ ሌላ ሰው አለ። ፍርስራሹ በየዕለቱ በቀዳዳ ወደ መሬት ይውረድ፣ ሶሌታው በአጠና ይደገፍ፣ ከላይ ሲሠራ ከሥሩ ማንም አይቁም። ሶሌታው ከመሃል ወደ ቢሙ እየተሰበረ ነው የሚወርደው፤ ቢሙ ሲቆረጥ ኮለኑ ያለ ድጋፍ ስለሚቀር ወዲያው ይውረድ። አጠናው፣ ሄልሜቱ፣ ጓንቱ፣ የመንገድ ዳር መከለያ ሸራው፣ አቧራውን የሚያረጥበው ውሃ ሁሉ ገንዘብ ነው። ውሉ ላይ በዝርዝር ካልገባ አይመጣም። የቀን ሠራተኞቹን የቀጠረው ማን እንደሆነም በግልጽ ይጻፍ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ተጠያቂው አሠሪው ነው።

ከማፍረስ በፊት የማፍረሻ ፈቃድ ይወጣል። የወራሽነት ማስረጃና የይዞታ ካርታ የተሟላ ካልሆነ ከሁሉ በፊት ያንን ጨርሱ፤ ውክልናዎም እህትዎ ይህን ጉዳይ ማስፈጸም እንደምትችል በግልጽ የሚናገር ይሁን። የመብራት ቆጣሪውን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት፣ የውሃውን የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ራሱ ያንሣው። አፍራሹ ገመድ እንዲቆርጥ አትፍቀዱ። አዲሱ ቤት ሲሠራ ቆጣሪ ለመመለስ የሚወስደውን ጊዜ ስታስቡ ለግንባታው የሚሆን መብራትና ውሃ እንዴት እንደሚቀጥል አሁኑኑ ጠይቁ።

የመጸዳጃ ጉድጓዱንም ፈልጉት። አሮጌ ግቢ ውስጥ ሴፕቲክ ታንክ ከመሠራቱ በፊት የነበረ ጉድጓድ በሊሾ ተሸፍኖ ይቀራል፤ ቦታውን የሚያውቁት ትልልቆቹ የቤተሰብ አባላት ብቻ ናቸው። 20 ቶን ማሽን በላዩ ከቆመ ይገባል። አስቀድሞ በፍሳሽ መኪና ይመጠጥ፣ ከዚያ በድንጋይና በተደለደለ አፈር ይሞላ። ጋዙ ሰው ስለሚገድል ወደ ውስጥ ማንም አይውረድ። ጣሪያው ወይም አሮጌው የውሃ ቱቦ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ከመሰለም ሳይሰበር፣ እየተረጠበ፣ በሙሉ ቁራጩ ይውረድ፤ በመጋዝ አይቆረጥ።

ክፍያው በደረጃ ይሁን። ለመጀመሪያ ከ20 በመቶ በላይ አትስጡ፤ ጣሪያና ዕቃው ወርዶ ሲቆጠር፣ ሶሌታው ሲወርድ፣ መሠረቱ ሲነቀል፣ መጨረሻውም ቦታው ተጠርጎ ሲረከብ ይከፈል፤ የመጨረሻው ክፍያ ከጠቅላላው ሩብ በታች አይሁን። ብረት ወስዶ የሚሠራ ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል፤ ትርፉን በመጀመሪያው ሳምንት ስለሚያገኝ ሥራውን የሚያስጨርሰው ነገር የለም። ስለዚህ ከእሱ የገንዘብ ዋስትና ተቀበሉ፤ ወይም ብረቱ ግቢው ውስጥ ተከምሮ ይቆይና የሚወጣው የመጨረሻው ቢያጆ ከወጣ በኋላ ይሁን። ዋስትና አልሰጥም ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል። የጠራው ዋጋ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስን ይጨምር እንደሆነም አረጋግጡ፤ ደረሰኝ ያለውንና የሌለውን ዋጋ ማወዳደር ያሳስታል። በጠቅላላው ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ያዙ፤ አብዛኛው ጊዜ የሚወጣው ከመሬት በታች በሚገኘው ነገር ላይ ነው።

በመጨረሻ ሁለት ነገር ብታሳውቁኝ ግምቱን ማጥበብ እችላለሁ። አንደኛው የበሩ ስፋትና ከቤቱ ጎን ያለው ክፍት ቦታ ነው፤ ሲኖትራክ 2.5 ሜትር፣ ኤክስካቫተሩ ወደ 3 ሜትር ስለሚሰፋ በጠባብ በር ካልገቡ ጭነቱ በካሪዮላ ወደ መንገድ ይወጣና የጉልበቱ ሒሳብ ከላይ ካልኩት እጥፍ ይሆናል። ሁለተኛው አዲሱ ቤት ስንት ፎቅ እንደሆነና ቤዝመንት ይኑረው አይኑረው ነው። ቤዝመንት ካለው አሮጌው መሠረት ከቁፋሮው ጋር ይወጣልና አሁን ለአፍራሹ ለብቻው መክፈል አያስፈልግም።